ከውሻ ንክሻ እስከ አንጎል፦ ቫይረስ ሕዋስ ውስጥ የሚገባው እንዴት ነው?

ውሻ የነከሰው ሰው ጤና ጣቢያ ሲደርስ ከመርፌው በፊት ሳሙናና ውሃ ይቀርብለታል። ቁስሉ በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ተራ ንጽሕና ስለሚያየው «ይልቅ መርፌውን ወግታችሁ ሸኙኝ» ይላል። ክትባቱን ጀምሮ ሁለተኛውን ቀጠሮ የሚዘልም አለ፤ ቁስሉ ስለጠገገ ብቻ ነገሩን የሚረሳም አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞትበት ይገመታል፤ ከአሥሩ አራቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው።

ሳሙናው ለምን እንደሚቀድም፣ ክትባቱ ለምን በቀጠሮ እንደሚሰጥ፣ በሽታው ለምን ወራት ቆይቶ እንደሚነሣ የሚገባን ቫይረሱ ምን እንደሆነና ከቁስሉ እስከ አንጎል በየት በኩል እንደሚሄድ ስናውቅ ነው። ስለዚህ የቫይረስን ምንነት በዚህ በአንዱ ቫይረስ መንገድ እንከተለው።

ቫይረስ ምንድን ነው?

ሽሮ ሜዳ ያለ አንድ ሸማኔ የሚሠራበትን የጥለት ንድፍ እናስብ። ንድፉ የትኛው ቀለም ክር ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚገባ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ነው እንበል። ወረቀቱ ለብቻው መቶ ዓመት ቢቀመጥ አንዲት ነጠላ አይወጣውም፤ ድርና ማግ የለውም፣ መወርወሪያ የለውም፣ እጅ የለውም። ሸማኔው ቤት ሲገባ ግን በሸማኔው ዕቃ፣ በሸማኔው ክር፣ በሸማኔው ጉልበት ጥለቱ ይሠራል።

ቫይረስ እንዲህ ያለ ንድፍ ነው። ንድፉ የተጻፈው ዲ ኤን ኤ ወይም አር ኤን ኤ በሚባል ረጅም ሰንሰለት ላይ ነው። የሰው ሕዋስም የራሱ ንድፍ አለው፤ እሱ ሦስት ቢሊዮን ያህል «ፊደላት» ያሉት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የያዘው 12,000 ፊደላት ገደማ የሆነ አንድ የአር ኤን ኤ ክር ብቻ ነው። በዚህ ክር ላይ የተጻፈው የአምስት ፕሮቲኖች አሠራር ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም።

ንድፉ ራቁቱን አይሄድም። አንደኛው ፕሮቲን አር ኤን ኤውን ከዳር እስከ ዳር ጠቅልሎ ይይዘዋል። በዚያ ላይ ቅርጽ የሚሰጠው ሌላ የፕሮቲን ንጣፍ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከስብ የተሠራ ስስ ሽፋን ይለብሳል፤ ይህን ሽፋን ቫይረሱ የሚያገኘው ከተሠራበት ሕዋስ ሲወጣ የሕዋሱን ሽፋን ቆንጥሮ በመውሰድ ነው። በስቡ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ እሾህ መሰል ፕሮቲኖች ቆመዋል። እነዚህ እሾሆች የቫይረሱ ቁልፎች ናቸው። ክትባቱም የሚያነጣጥረው እነሱ ላይ ስለሆነ ከዚህ በታች ደጋግመን እናነሣቸዋለን።

ቅርጹ እንደ ጥይት ነው፤ አንዱ ጫፍ ሞላላ፣ ሌላው ጠፍጣፋ። ርዝመቱ 180 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው። በአንድ ሚሊ ሜትር ላይ ጫፍ ለጫፍ ቢደረደሩ ከ5,000 በላይ ይይዛል። በተለመደው የጤና ጣቢያ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የእብድ ውሻ ክትባት ለሰው ሲሰጥ እንኳ የሚዋጋውን ነገር በዓይኑ አላየውም ነበር፤ ቫይረስን የሚያሳየው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተሠራው በ1930ዎቹ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰዎች ዛሬም «ፓስተር» እያሉ የሚጠሩት ተቋም ስሙን ያገኘው ከእኚሁ ሰው ነው።

ሕይወት አለው ወይስ የለውም?

ከሕዋስ ውጪ ሳለ አይበላም፣ አይተነፍስም፣ አያድግም፣ አይራባም። ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ግን ራሱን በሺዎች ያባዛል። «ሕይወት ያለው» እንበለው ወይስ «ግዑዝ» የሚለው የሳይንስ ሰዎች ክርክር ገና አልተቋጨም። ለእኛ የሚጠቅመው ነጥብ አንድ ነው፤ ከሕዋስ ውጪ ያለ ቫይረስ ራሱን መጠገን አይችልም። ሽፋኑ ከተቀደደ አለቀለት። የእብድ ውሻ ቫይረስ ደግሞ በዚህ በኩል ደካማ ነው፤ ፀሐይ ያፈርሰዋል፣ መድረቅ ያፈርሰዋል፣ መፍላት ያፈርሰዋል። ያበደ ውሻ የነካው ድንጋይ ወይም ደርቆ የቆየ ለሃጭ በሽታ ያስይዛል ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። የታመመች ላም ወተት ጉዳይም ብዙ ጊዜ ይጠየቃል፤ ጥርጣሬ ያለባት ላም ወተት ጥሬውን አይጠጣም፣ ማፍላት ግን ቫይረሱን ያጠፋዋል።

ከባክቴሪያ በምን ይለያል?

ባክቴሪያ የራሱ ቤት፣ የራሱ ማድ ቤት፣ የራሱ ስንቅ ያለው ሙሉ ሕዋስ ነው። አሞክሳሲሊንን የመሰሉ መድኃኒቶች የሚሠሩት የባክቴሪያውን ግድግዳ በማፍረስ ነው፤ ሌሎቹ ፕሮቲን የሚሠራበትን ዕቃ ያሰናክሉበታል። ቫይረስ ግድግዳም ዕቃም የለውምና እነዚህ መድኃኒቶች የሚመቱት ነገር አያገኙም።

ይህን መለየት ውሻ ለነከሰው ሰው የሕይወት ጉዳይ ነው። ንክሻ በባክቴሪያም ስለሚመረዝ ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ሊያዝ ይችላል። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም ይሰጣል። ሰውየው ታዲያ «መርፌም ተወጋሁ፣ ክኒንም ወሰድኩ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁለቱም የእብድ ውሻ ቫይረስን አይነኩም። «የተወጋሁት የየትኛው በሽታ መርፌ ነው?» ብሎ መጠየቅና በካርዱ ላይ ማጻፍ ይገባል።

በንክሻው ሰዓት ምን ይሆናል? ሳሙናውስ ምን ይሠራል?

ያበደ ውሻ ለሃጭ በቫይረስ የተሞላ ነው። ጥርሱ ቆዳውን ሲበሳ ለሃጩን ከቆዳ በታችና ጡንቻ ውስጥ ያስቀምጠዋል። በዚያች ሰዓት ቫይረሱ ገና ማንም ሕዋስ ውስጥ አልገባም። ቁስሉ ላይ፣ በደምና በሥጋ መካከል የወደቀ በስብ የተሸፈነ ንድፍ ነው።

እጃችን ላይ የተቀባ ቅቤ በውሃ ብቻ እንደማይለቅ፣ ሳሙና ሲነካው ግን ወዲያው እንደሚሟሟ ሁሉ የቫይረሱ የስብ ሽፋንም በሳሙና ይፈርሳል። ሽፋኑ ሲፈርስ እሾሆቹ አብረው ይረግፋሉ፤ ቁልፍ የሌለው ቫይረስ በር አይከፍትም። የሚፈሰው ውሃ ደግሞ የተረፈውን ጠርጎ ይወስደዋል። 15 ደቂቃ የተባለውም ሳሙናው ጥርስ በበሳው ጥልቅ ቀዳዳ ውስጥ እስኪደርስ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው። የልብስ ሳሙናም ይሁን የገላ፣ ዱቄትም ይሁን ደረቅ፣ ማንኛውም ሳሙና ይሠራል። ሳሙና ከሌለ በውሃ ብቻም ቢሆን መታጠብ አለበት። ከታጠበ በኋላ አልኮል ወይም አዮዲን ቢደረግበት መልካም ነው።

ቁስሉን የሚያባብሱ ልማዶች አሉ። በርበሬ፣ አመድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የቅጠል ጭማቂ፣ ነዳጅ መነስነስ ሥጋውን ያቆስላል፤ የቆሰለ ሥጋ ለቫይረሱ የተጋለጠ የነርቭ ጫፍ ይጨምርለታል። ቁስሉን ወዲያው መስፋትም አይመከርም፤ መርፌው ላዩ ላይ የነበረውን ቫይረስ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ደም እየፈሰሰ መስፋት ግድ ከሆነ በቅድሚያ ከዚህ በታች የምንገልጸው ፀረ አካል ቁስሉ ውስጥ ይወጋል፣ ስፌቱም ላላ ይደረጋል።

በየትኛው በር ይገባል?

የሕዋስ ሽፋን ግንብ ብቻ ሳይሆን በር የበዛበት ግንብ ነው። ሕዋሱ መልእክት የሚሰማው፣ ምግብ የሚቀበለው በሽፋኑ ላይ በተተከሉ «ተቀባይ» በሚባሉ ፕሮቲኖች በኩል ነው። ቫይረስ የራሱን በር አይሠራም፤ ሕዋሱ ለራሱ ጉዳይ የሠራውን በር በተመሳሳይ ቁልፍ ይከፍታል። አንድ ቫይረስ የትኛውን የሰውነት ክፍል እንደሚያጠቃ በዋናነት የሚወስነው ይህ ነው። ኤች አይ ቪ ሲዲ ፎር የሚባለው ተቀባይ ያለበትን ነጭ የደም ሕዋስ የሚይዘው፣ የኮሮና ቫይረስ የመተንፈሻ አካልን የሚመታው ቁልፋቸው እዚያ ስለሚገጥም ነው።

የእብድ ውሻ ቫይረስ ቁልፍ የሚገጥመው ጡንቻና ነርቭ ላይ ነው። ነርቭ ጡንቻን «ተኮማተር» ብሎ በሚያዝበት መገናኛ ላይ የትእዛዙን ኬሚካል የሚቀበል ተቀባይ አለ፤ የቫይረሱ እሾህ እሱን ይይዛል። በነርቭ ጫፍ ላይም የሚይዛቸው ሌሎች ተቀባዮች አሉ። እጅ፣ ፊትና አንገት ላይ የነርቭ ጫፎች ብዙ ስለሆኑ እዚያ የደረሰ ንክሻ የበለጠ ያሰጋል። ልጆች ቁመታቸው ከውሻው አፍ ጋር ስለሚስተካከል ፊታቸውን ይነከሳሉ፤ የልጅ ንክሻ በጣም የሚያስፈራው በዚህ የተነሣ ነው።

ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል?

ቁልፉ ሲገጥም ሕዋሱ ራሱ ቫይረሱን ይውጠዋል። ሽፋኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉድና ቫይረሱን በትንሽ ከረጢት ጠቅልሎ ያስገባዋል። ሕዋሱ እንግዲህ ምግብ ያስገባ መስሎታል፤ እንደ ልማዱም የከረጢቱን ውስጥ ጎምዛዛ ማድረግ ይጀምራል። ቫይረሱ የሚጠብቀው ይህን ነው። እሾሆቹ ጎምዛዛው ሲነካቸው ቅርጻቸው ይቀየራል፤ የቫይረሱን የስብ ሽፋን ከከረጢቱ ሽፋን ጋር ጎትተው ያዋህዱታል፣ በዚያም ቀዳዳ አር ኤን ኤው ወደ ሕዋሱ ሆድ ይፈስሳል። ሕዋሱ ሊፈጭበት ያዘጋጀው ጎምዛዛ የቫይረሱ መውጫ በር ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። የእብድ ውሻ ቫይረስ አር ኤን ኤ በመስታወት እንደሚታይ ጽሑፍ የተገለበጠ ነው፤ የሰው ሕዋስ ሊያነበው አይችልም። ሕዋሳችን ከአር ኤን ኤ ላይ አር ኤን ኤ የሚገለብጥበት እንዲህ ያለ ዕቃም የለውም። ስለዚህ ቫይረሱ ገልባጩን ይዞ ይመጣል፤ ከአምስቱ ፕሮቲኖች ትልቁ ይህ ነው። ገልባጩ ከክሩ አንድ ጫፍ ጀምሮ አምስቱን መልእክቶች በየተራ ወደሚነበብ ጽሑፍ ይገለብጣቸዋል። ወደ ሌላኛው ጫፍ በሄደ ቁጥር ቅጂው እያነሰ ይመጣል። ውጤቱም የተመጠነ ነው፤ አር ኤን ኤውን የሚጠቀልለው ፕሮቲን በጣም ብዙ ስለሚያስፈልግ መጀመሪያ ላይ ተጽፏል፣ ጥቂት የሚበቃው ገልባጩ ደግሞ መጨረሻ ላይ።

የተገለበጡት መልእክቶች ራይቦዞም ወደሚባሉት ይሄዳሉ። ራይቦዞም የሕዋሱ የሽመና ዕቃ ነው፤ በአንድ ሕዋስ ውስጥ በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ራይቦዞም የመጣለት ንድፍ የማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ የተጻፈውን እያነበበ ፕሮቲን ይሸምናል። ፕሮቲኖቹ ሲበዙ ገልባጩ ሥራውን ቀይሮ ሙሉውን የ12,000 ፊደላት ክር ማባዛት ይጀምራል። ይህ ሁሉ የሚካሄደው በሕዋሱ ውስጥ በተለዩ ድቡልቡል ቦታዎች ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም አዴልኪ ኔግሪ በ1903 እ.ኤ.አ. በታመሙ እንስሳት አንጎል ውስጥ አይቷቸው ነበር፤ «የኔግሪ አካላት» እየተባሉ ለረጅም ዘመን የበሽታው መለያ ሆነው አገልግለዋል። የቫይረሱ መሥሪያ ቤት መሆናቸው የታወቀው ግን ብዙ ቆይቶ ነው።

በመጨረሻ አዳዲሶቹ ክሮች ይጠቀለላሉ፣ ወደ ሕዋሱ ዳር ይገፋሉ፣ የሕዋሱን ሽፋን ቆንጥረው ለብሰው ይወጣሉ።

ሁሉም ቫይረስ መንገዱ አንድ አይደለም። ኤች አይ ቪ ንድፉን ወደ ዲ ኤን ኤ ገልብጦ የራሳችን ንድፍ ውስጥ ይሰፋዋል፤ መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ የሚወሰደውም ስለዚህ ነው። የፖሊዮ ቫይረስ የስብ ሽፋን ስለሌለው በሳሙናና በአልኮል ቶሎ አይበገርም። መያዝ፣ መግባት፣ መገለጥ፣ ማስገልበጥ፣ መገጣጠምና መውጣት የሚሉት እርምጃዎች ግን በሁሉም ዘንድ አሉ። ፀረ ቫይረስ መድኃኒቶችም የሚሠሩት ከእነዚህ አንዱን በመዝጋት ነው።

አንጎል ጋ እንዴት ይደርሳል? ለምንስ ይዘገያል?

የነርቭ ሕዋስ ከሌላው ሕዋስ የተለየ ቅርጽ አለው። ዋና አካሉ ጀርባ አጥንት አካባቢ ሆኖ ክንዱ እስከ እግር ጣት ድረስ ሊዘረጋ ይችላል፤ አንድ ሕዋስ አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል ማለት ነው። በዚህ ረጅም ክንድ ውስጥ እንደ ሐዲድ የተዘረጉ ክሮች አሉ። በሐዲዱ ላይ ዕቃ ከጫፍ ወደ መሐል የሚጎትቱ ፕሮቲኖች ይመላለሳሉ። ቫይረሱ በነርቭ ጫፍ ከገባ በኋላ በእነዚህ ጎታቾች ላይ ተጭኖ ወደ መሐል ይሄዳል። ፍጥነቱ በቀን ከአንድ እስከ አሥር ሴንቲ ሜትር ይገመታል። ከአንዱ ነርቭ ወደ ቀጣዩ በመገናኛቸው በኩል ይሻገራል፤ በኅብለ ሰረሰር አልፎ አንጎል ይደርሳል።

ወደ ነርቩ ከመግባቱ በፊት ግን ጡንቻ ውስጥ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሊያደፍጥ ይችላል። በዚህ ምክንያት ከንክሻ እስከ ምልክት ያለው ጊዜ በአብዛኛው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ነው። ከሳምንት ያነሰም፣ እስከ ዓመት የዘለቀም አለ። በእነዚህ ቀናት ሰውየው ጤነኛ ነው፤ አያመውም፣ አያተኩሰውም፣ የደም ምርመራም አያሳየውም። ይህ የዝምታ ጊዜ ሁለት ገጽታ አለው። ሰውን ያዘናጋል። መዳኛውም እሱ ብቻ ነው።

ሰውነታችን ለምን አይከላከለውም?

ጉንፋን ሲይዘን ሕዋሳት እየሞቱ ስለሚፈርሱ የመከላከያ ኃይላችን ቶሎ ይነቃል። የእብድ ውሻ ቫይረስ ነርቩን ለመግደል አይቸኩልም፤ መንገዱ ስለሆነ ሳይፈርስ እንዲቆይለት ይፈልገዋል። ቁጥሩም መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነው። ከአምስቱ ፕሮቲኖች አንዱ ሕዋሱ «ተወርሬአለሁ» ብሎ የሚልከውን ምልክት ያፍናል። ሰውነት የሚነቃው ቫይረሱ አንጎል ከደረሰ በኋላ ነው፤ በደም ውስጥ ያሉ ፀረ አካላት ደግሞ አንጎልን ከደም በሚለየው አጥር በኩል እንደ ልብ አያልፉም።

ውሃ ለምን ያስፈራል? ውሻውስ ለምን ይናከሳል?

አንጎል ውስጥ የገባው ቫይረስ ስሜትን፣ ቁጣንና መዋጥን የሚያዙትን ክፍሎች ያውካል። ከአንጎልም ተመልሶ በነርቮች በኩል ይወጣል፤ ዋናው መድረሻው የምራቅ ዕጢዎች ናቸው። እዚያ በብዛት እየተመረተ በለሃጭ ይወጣል። በአንድ በኩል ለሃጩ በቫይረስ ይሞላል፣ በሌላ በኩል ጉሮሮ መዋጥ ያቅተዋል፣ እንስሳውም ይቆጣና ይናከሳል። ሦስቱ ሲገጣጠሙ ቫይረሱ ወደ ሌላ አካል መሻገሪያ አገኘ ማለት ነው።

የታመመ ሰው ውሃ ሲያይ የሚደነግጠው ለመዋጥ ሲሞክር የጉሮሮና የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ በኃይል ስለሚሸማቀቁ ነው። ሕመሙ ከመክበዱ የተነሣ ውሃ ማየት ወይም የውሃ ድምፅ መስማት ብቻ ያስነሣዋል። ነፋስ ፊቱን ሲነካውም እንዲሁ ይሆናል። ሁሉም ታማሚ ግን አይቆጣም። አንዳንዱ ከተነከሰበት ቦታ ጀምሮ ሰውነቱ ቀስ በቀስ ይሽባል፤ ይህ ዓይነቱ ዝምተኛ ስለሆነ በሌላ በሽታ ይሳሳታል።

በከብት ላይ የሚፈጸም አንድ ስሕተት መነገር አለበት። ያበደች ላም ጉሮሮዋ ሽባ ሲሆን ለሃጭ ይዝረበረብባታል፣ መዋጥ ያቅታታል። ባለቤቱ አጥንት ወይም ድንች የተሰነቀረባት መስሎት እጁን እስከ ክርኑ ጉሮሮዋ ውስጥ ያስገባል። እጁ ላይ ጭረት ካለ ይህ ከንክሻ አይተናነስም። መዋጥ ያቃታት፣ ለሃጭ የበዛባት ከብት ስትታይ እጅ ከማስገባት በፊት የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።

ከተነከሱ በኋላ የሚሰጥ ክትባት እንዴት ይሠራል?

አብዛኛው ክትባት ከበሽታው በፊት ይሰጣል። ይሄኛው ከንክሻ በኋላም የሚሠራው ቫይረሱ ዘገምተኛ ስለሆነ ነው። ክትባቱ ላቦራቶሪ ውስጥ በሕዋሳት ላይ አድጎ የተገደለ ቫይረስ ነው፤ እሾሆቹ አሉ፣ የመባዛት አቅሙ ግን የለም። ሰውነታችን እሾሆቹን አይቶ እነሱ ላይ የሚጣበቁ ፀረ አካላትን ይሠራል። ፀረ አካል የተጣበቀበት እሾህ ደግሞ ጭቃ የተመረገበት ቁልፍ ነው፤ በር አይከፍትም። ፀረ አካሉ በበቂ መጠን ለመመረት ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። እንግዲህ ሩጫው ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ፀረ አካሉ እንዲደርስ ነው።

ክትባቱ ክንድ ጡንቻ ላይ ሲሰጥ በተለመደው አሠራር የመጀመሪያው መርፌ የተሰጠበት ቀን «ቀን 0» ተብሎ ቀጣዮቹ በቀን 3፣ በቀን 7 እና በቀን 14 ይሆናሉ። ቆዳ ውስጥ በጥቂቱ የሚሰጥበት አሠራርም አለ፤ እሱ በቀን 0፣ 3 እና 7 በየጊዜው ሁለት ቦታ ላይ ነው። የትኛው እንደሚሆን ጤና ተቋሙ ይወስናል። መቀመጫ ላይ አይወጋም፤ እዚያ ስብ ስለሚበዛ ክትባቱ ደህና አድርጎ አይሠራም። ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ጭን ላይ ይሰጣል፤ መጠኑ ለልጅም ለአዋቂም እኩል ነው። ነፍሰ ጡርም ትወስዳለች። ቀጠሮ ያለፈው ሰው እንደገና ከመጀመሪያ መነሣት አያስፈልገውም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ከተነከሰ ሳምንታት ያለፉትም ቢሆን ምልክት እስካልታየበት ድረስ ይጀምር።

ቆዳው ለተበሳ፣ ወይም ቁስሉን፣ ዓይኑን፣ አፉን ለሃጭ ለነካው ሰው ክትባት ብቻውን አይበቃም። ሰውነቱ የራሱን ፀረ አካል እስኪሠራ ድረስ ያለውን ክፍተት የሚሞላ ተዘጋጅቶ የመጣ ፀረ አካል ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ይወጋል። መጠኑ በሰውየው ክብደት ይሰላል፤ ከፈረስ ደም የተዘጋጀው በኪሎ ግራም 40፣ ከሰው ደም የተዘጋጀው በኪሎ ግራም 20 ዓለም አቀፍ መለኪያ ነው። ከመጀመሪያው ክትባት ሰባት ቀን ካለፈ ግን አይሰጥም፤ በዚያ ጊዜ ሰውነት የራሱን መሥራት ጀምሯል። ያልተበሳ ቆዳን ውሻ ከላሰ ክትባት አያስፈልግም፣ መታጠብ ይበቃል። ደም ያልወጣው ቀላል ጭረት ከሆነ ክትባት ብቻ ይሰጣል።

«ሆድ ላይ ሁለት ሳምንት በየቀኑ ይወጋሉ» የሚለው ፍርሃት ዛሬም ሰው ያስቀራል። እውነትነት ነበረው፤ በበግ አንጎል ላይ ተዘጋጅቶ የሚሰጠው የድሮ ክትባት እንደዚያ ነበር። በሕዋስ ላይ የሚዘጋጀው ክንድ ላይ የሚሰጥ፣ ቁጥሩም በጣም ያነሰ ነው።

የባህል መድኃኒትና ጠበልስ?

የእንዶድና የምድር እምቧይ ሥር በብዙ አካባቢ ለእብድ ውሻ ንክሻ ይሰጣል። የወሰደው ሰው ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው «መርዙ ወጣ» ይባላል። ቫይረሱ ግን ሆድ ውስጥ የለም፤ ጡንቻና ነርቭ ውስጥ ነው። የእንዶድ ሥር ራሱ መርዛማ ስለሆነ የሚያስመልሰው እሱ ነው። «ጠጥቶ የዳነ አውቃለሁ» የሚለውም ምስክርነት ከእውነት የራቀ ላይሆን ይችላል፤ የነከሰው ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም፣ ባበደ ውሻ የተነከሰ ሁሉም አይታመምም። ጠበል የሚሄድ ሰው ደግሞ እምነቱን መተው አይጠበቅበትም፤ ጠበሉ ክትባቱን አይከለክልም። የሚጎዳው ቀን 0 ጠበል ቦታ ላይ ሲያልፍ ነው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በጤና ጣቢያ በኩል ይሁን።

የነከሰው ውሻ ምን ይደረግ?

ቫይረሱ የውሻ ለሃጭ ውስጥ የሚገኘው ምልክቱ ከመታየቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው፤ ከዚያ ውሻው በቀናት ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ የነከሰ ውሻ ወይም ድመት ታስሮ 10 ቀን ቢታይና ጤነኛ ሆኖ ቢገኝ በነከሰበት ቀን ለሃጩ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው፤ የተጀመረውም ክትባት ሊቆም ይችላል። ክትባቱ ግን ወዲያውኑ ይጀመራል እንጂ 10 ቀኑ አይጠበቅም። ይህ የ10 ቀን ስሌት ለጅብ፣ ለቀበሮና ለሌላ የዱር አውሬ አይሠራም።

ውሻው ከተገደለ ራሱ ላይ አይመታ፤ ላቦራቶሪ የሚመረመረው አንጎሉ ነው። ናሙናውን ጓንት ያደረገ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይውሰደው፣ በበረዶ ተይዞም ይሂድ፤ ሙቀት ላይ የበሰበሰ አንጎል ውጤት አይሰጥም።

የሰው በሽታ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጣው ከውሻ ስለሆነ ሰንሰለቱ የሚበጠሰውም ውሻ ላይ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው በየጊዜው ከተከተቡ ቫይረሱ የሚሻገርበት ውሻ እያጣ ይጠፋል። ባሌ ተራሮች ላይ ይህን ባለማግኘት ዋጋ የከፈለው ሰው ብቻ አይደለም። ከእረኛ ውሾች የተዛመተው ቫይረስ በ2003 እ.ኤ.አ. በዌብ ሸለቆ የነበሩትን ቀይ ቀበሮዎች አብዛኛውን ፈጅቷል፤ በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ደግሞ ከጥቂት መቶዎች አይበልጡም። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥጋ ውስጥ ተደብቆ የሚሰጥ የአፍ ክትባት ለቀበሮዎቹ መቅረብ ጀምሯል፤ በዙሪያው ላሉት የእረኛ ውሾች የሚሰጠው ግን ዛሬም በመርፌ ነው፣ አንድ በአንድ እየተያዙ።